ውሃ እስኪመጣ

ጎንደር ውስጥ ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚመጣው ውሃ አይደለም። አየር ነው። ቧንቧው ይነፋል፣ ያስላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ቀጥሎ ቡናማ ነገር ይተፋል። ከዚያ በኋላ ነው ውሃው። እኛ ቤት ይህ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ላይ ነው። እናቴ እንቅልፍ ላይ ሆና ትሰማዋለች። "ተነሥ፣ መጣ!" ትለኛለች። ማን መጣ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

የምንኖረው ከፒያሳ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ቤቱ የእናቴ ነው። ግቢው ውስጥ ከግድግዳ የወጣ አንድ ቧንቧ አለ። ጀሪካኑም፣ በርሜሉም፣ ሮቶውም የሚሞላው በጎማ ከእሱ ነው። ልብስም የሚታጠበው እዚያው ሥር ነው። ይህ ቧንቧ ለዓመታት ያንጠባጥብ ነበር። ከሥሩ እናቴ የተከለችው ጤና አዳም አለ። ማንም አያጠጣውም። ግን ከሰፈሩ ጤና አዳም ሁሉ የሚያምረው የእኛ ነበር።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ፊዚክስ ነው የማስተምረው። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ ነገሩ በኋላ የሚያሳፍረኝ በዚህ ምክንያት ስለሆነ ነው። አንድ ውሃ ያለበት ቀን ሰዓት ይዤ ቆጠርኩት። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ። 20 ያህል ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሆናል። በቀን 86,400 ሰከንድ አለ። ሲባዛና ሲካፈል ከ4 ሊትር በላይ ነው። አምስት የውሃ ቀን ሲጠራቀም አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞላ ማለት ነው። ውሃ ጠፍቶ ያንን አንድ ጀሪካን ከቦኖ ተሸክሞ ዳገቱን የወጣ ሰው ይህ ቁጥር ያንገበግበዋል።

ለእናቴ ነገርኳት። "እሱማ ጤና አዳሙን እያጠጣ ነው" አለችኝ።

ቧንቧ ሠራተኛ ደወልኩ። "ነገ ጠዋት" አለ። በማግስቱ ስደውል መንገድ ላይ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላም መንገድ ላይ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ መንገድ ላይ ነበር። ከጎንደር እስከ መተማ በእግሩ ቢሄድ እንኳ ይደርስ ነበር። በመጨረሻ ስልኩን ማንሣት ተወ። እናቴ ገና ከመጀመሪያው ያለችኝ ሌላ ነበር። "ጎረቤታችንን ጋሼን ጥራቸው" ነው ያለችው። ጋሼ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት የቧንቧ ሥራ ነው። "ሽማግሌ ማስቸገር ነው" አልኳት። ውሸቴን ነው። የልጅ ልጃቸው ተማሪዬ ነው። ስለ ግፊት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። "ቲቸር አንድ ቧንቧ አቃተው" እንዲባል አልፈለግሁም።

ስለዚህ ዩቲዩብ ከፈትኩ።

ዩቲዩብ ላይ ቧንቧ የሚጠግኑ ሰዎች እጃቸው ንጹሕ ነው። መሣሪያቸው ያብረቀርቃል። ሁሉም የሚጀምሩት በአንድ ቃል ነው፤ "መጀመሪያ ውሃውን ይዝጉ" ይላሉ። ብቻዬን ሳቅሁ። ውሃው ከተዘጋ 9 ቀኑ ነበር። እኛ ዘንድ ችግሩ ውሃውን መዝጋት አይደለም። ችግሩ፣ የጠገንከው ነገር መጠገኑን የምታውቀው ውሃው ሲመጣ ብቻ መሆኑ ነው። ቪዲዮው ላይ ሰውዬው ብሎኑን ያጠብቃል፣ ውሃውን ይከፍታል፣ ፈገግ ይላል። ሁለት ደቂቃ። እኔ ባጠብቅና ፈገግ ለማለት ብፈልግ አንድ ሳምንት መጠበቅ አለብኝ። ይህን ያኔ አላሰብኩትም።

ቅዳሜ ዕለት የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት የድሮውን ቧንቧ ጥርስ በተማሪ ማስመሪያ ለካሁት። 21 ሚሊ ሜትር። ወረቀት ላይ ጻፍኩት። የዕቃ መሸጫው ልጅ ወረቀቱን አየና ወደ እኔ ቀና አለ።

"ጋሼ፣ የሚፈልጉት ግማሽ ኢንች ነው።"

"ግማሽ ኢንች እኮ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው።"

"ግማሽ ኢንች ስሙ ነው" አለኝ፤ ስሜን እንደሚነግረኝ።

ልክ ነበር። ስሙ የወጣው ከውጪው ስፋት አይደለም። ድሮ የብረት ቧንቧ የሚጠራው ውሃ በሚያልፍበት የውስጥ ክፍተት ነበር። የብረቱ ውፍረት ሲጨመርና ጥርሱ ሲወጣለት ውጪው ወደ 21 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ዛሬ ያ ክፍተት እንኳ በትክክል ግማሽ ኢንች አይደለም። ስሙ ግን ቀረ። ከዚያ ልጁ "ወንድ ነው ሴት?" አለኝ። ቧንቧውን ነው። ጥርሱ ውጪ ከሆነ ወንድ ነው፤ ውስጥ ከሆነ ሴት። ከኋላዬ የቆመ አንድ ጎልማሳ አናጢ ሳቁን ዋጠ።

እዚያ መደብር ቆሜ የገረመኝ ነገር ግን ቃሉ ነው። ጎሚቶ። ማኒኮቶ። ታፖ። ሳራቺኔስካ። ሲፎን። ላቫንዲኖ። ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ጎሚቶ በጣሊያንኛ ክርን ማለት ነው፤ ቧንቧው የሚታጠፍበት ክርን። ታፖ መክደኛ ነው። ሳራቺኔስካ ደግሞ ጣሊያኖቹ ከላይ ወደ ታች ለሚወርድ የምሽግ በር የሚሰጡት ስም ነው። ውሃ መዝጊያውን ፈትቶ ውስጡን ያየ ሰው ስሙ ለምን እንደወጣ ይገባዋል፤ ውስጡ በእርግጥ አንዲት የምትወጣና የምትወርድ ትንሽ በር ናት። ጣሊያን ጎንደር የገባው በ1928 ዓ.ም. ነው። ምሥራቅ አፍሪካ ላይ የመጨረሻውን ትልቅ ጦሩን ይዞ እጅ የሰጠውም እዚሁ ጎንደር፣ ኅዳር 1934 ላይ ነው። ፒያሳ ላይ ፖስታ ቤቱንና ሲኒማ ቤቱን ትቶ ሄደ። የቧንቧ ሠራተኛው ከረጢት ውስጥ ደግሞ ጎሚቶውንና ካቻቪቴውን። ስሙ የጣሊያን፣ ልኩ የእንግሊዝ፣ ዕቃው የቻይና ሆኖ በአማርኛ ዋጋ ተከራክረን ገዛሁት። አንድ አዲስ ቧንቧ፣ አንድ ጥቅል ቴፍሎን፤ ውሃ እንዳያፈስ ጥርሱ ላይ የሚጠመጠመው ስስ ፕላስቲክ። ከመንገድ ተመልሼ ሌላ ጥቅል ቴፍሎን ጨመርኩ። ቴፍሎን ርካሽ ነው፤ ሲበዛ ሰውን ባለሙያ ያስመስለዋል።

የመጀመሪያው ሙከራ ቀላል ነበር። እንዲያውም በጣም ቀላል ነበር። የድሮውን ቧንቧ ፈታሁ። አዲሱ ላይ ቴፍሎን ጠመጠምኩ። መጀመሪያ የጠመጠምኩት በተቃራኒ አቅጣጫ ነበር፤ ሳጠብቀው እየተፈታ እንደ ሸረሪት ድር ተንጠለጠለ። ፈትቼ በሚጠብቅበት በኩል ጠመጠምኩት። አጠበቅሁ። ጥብቅ ሲል የቧንቧው አፍ የጎረቤትን አጥር እያየ ቆመ። ወደ ታች ማየት አለበት። አንድ ዙር ልጨምር ብል እጄ አልቻለም። ስለዚህ ሩብ ዙር ወደ ኋላ መለስኩት። አፉ መሬቱን አየ። ቀጥ አለ። አማረ። ፎቶ አንሥቼ ለእኅቴ ላክሁላት። "ወይ ጉድ፣ መሐንዲስ!" ብላ መለሰችልኝ።

ስድስት ቀን መሐንዲስ ሆኜ ኖርኩ።

በሰባተኛው ሌሊት ውሃ መጣ። ባትሪ ይዤ ወጣሁ። የቧንቧው አፍ ደረቅ ነው። አንድ ጠብታ የለም። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ከሥሩ፣ ቧንቧውና ግድግዳው ከሚገናኙበት፣ ቀጭን ውሃ በጎን ወደ ደረቴ ይረጭ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ በር ላይ ቆማለች። ትንሽ አየችው።

"ድሮ ይንጠባጠብ ነበር" አለች። "አሁን ሸና።"

ጥፋቱ ያ ሩብ ዙር ነበር። ቴፍሎን አንዴ ከተጨመቀ በኋላ ወደ ኋላ ሲመልሱት ቦታውን ይለቃል፤ ተመልሶ አያብጥም። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ የመሰለኝ ስላልጠበቀ ነው። ያልጠበቀ ነገር ይጠብቃል፤ አይደል? በማግስቱ ውሃው ሲሄድ ከአንድ ጓደኛዬ ትልቁን የቧንቧ መፍቻ ተዋስኩ። እጀታው አላረካኝም። አንድ ክንድ የሚሆን የብረት ቱቦ ሰካሁበት። ክፍል ውስጥ የማስተምረው ነው፤ ክንዱ ሲረዝም ጉልበቱ ይበዛል። አርኪሜዲስ መቆሚያ ስጡኝ ብሏል። እኔ መቆሚያ ነበረኝ፤ የእናቴ የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ።

ገፋሁ። ትንሽ ዞረ። ገፋሁ። ከዚያ "ቀጭ" አለ።

ድምፁ ትንሽ ነበር። ቧንቧው እጄ ላይ ቀረ። ጫፉ ላይ ግማሽ ጥርስ ነበር። ግማሹ ግድግዳው ውስጥ ቀርቷል። ግድግዳው ላይ ክብ ጥቁር ቀዳዳ አፈጠጠብኝ።

አስፈሪው ነገር ግን ዝምታው ነበር። ሌላ ቦታ ቢሆን ውሃው ያኔውኑ ይፈነዳል፤ ትጮሃለህ፣ ሰው ይመጣል። እዚህ ምንም አልሆነም። ወፎች ይንጫጫሉ። ከቀዳዳው አንዲት የዛገች ጠብታ ወጣችና ቆመች። እንደ ጉዳዩ ቢሆን ቁጭ ብዬ ቡና መጠጣት እችል ነበር። ጠጣሁም። የሚመጣው ጣጣ ግን የሆነ ቦታ፣ መስመሩ ውስጥ፣ ፈረቃውን እየጠበቀ ነበር።

ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ሳራቺኔስካ ልዝጋ ብዬ ሄድኩ። ዞረ። በጣም ደስ አለኝ። ዞረ፣ ዞረ፣ አሁንም ዞረ። ማለቂያ የለውም። ውስጥ ያለችው ትንሽ በር ከዘንጉ ተላቅቃ በዝገት ተቀብራለች። የሚዞረው እጀታው ብቻ ነው።

ስለዚህ ውሻል ሠራሁ። ምርጫዬ ወይራ ነበር። እናቴ የጠላ ጋን የምታጥንበት ወይራ እንጨት አላት። ከእሱ አንዱን ወስጄ ጫፉን ጠረብኩ። ለምን ወይራ? ጠንካራ ስለሆነ ነዋ። በፌስታል ጠቅልዬ ቀዳዳው ውስጥ በመዶሻ መታሁት። ግጥም አለ። በእጄ ስቤ አየሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ነገ ባለሙያ ፈልጌ አመጣለሁ አልኩ። ዛሬማ አይመጣም፤ ገና መሄዱ ነው።

በዚያው ሌሊት መጣ።

አየሩ ሲነፋ ሰማሁት። ከዚያ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። "ቷ!" የሚል፣ ጠርሙስ ሲከፈት የመሰለ። የወይራው ውሻል ግቢውን አቋርጦ የቆርቆሮ በሩን መታው። አሁን ቁጭ ብዬ ሳሰላው ምንም አይገርምም። ቀዳዳው ወደ 2.5 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ውሃው 30 ሜትር ከፍ ካለ ቦታ ይወርዳል ብንል 3 ባር ገደማ ግፊት ነው፤ ለየ10 ሜትሩ አንድ ባር። ስለዚህ ያን ውሻል ከ7 ኪሎ በላይ የሆነ ኃይል ከኋላው ይገፋዋል። ለስላሳ ፌስታል የጠቀለልኩበት ደግሞ እኔው ነኝ፤ ለመንሸራተቻ። ይህን ጥያቄ በፈተና ላይ አውጥቼው አውቃለሁ።

ውሃው ከግድግዳው ቀጥ ብሎ ወጥቶ ግቢው መሐል ይወድቃል። በመዳፌ ልዘጋው ሞከርኩ። በጣቶቼ መሐል ወደ ፊቴ፣ ወደ ጆሮዬ፣ ወደ እጅጌዬ ገባ። ጥር ነው። የጎንደርን የጥር ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል። እናቴ ባልዲ፣ ጋን፣ ድስት፣ ያገኘችውን ሁሉ ከፊቱ ትደረድራለች። "ይባክናል! ይባክናል!" ትላለች። ስለ እኔ አልነበረም።

ሌሊት ውሃ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ንቁ ነው። ሁሉም ጀሪካኑን ይዞ ቧንቧው ሥር ነው። ስለዚህ ጩኸታችንን ለመስማት ማንም መቀስቀስ አላስፈለገውም። በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው፤ ካፖርት ደርበው። ከኋላቸው የልጅ ልጃቸው፣ ተማሪዬ፣ ባትሪ ይዞ። ብርሃኑን ቀጥ አድርጎ ፊቴ ላይ አበራው።

"ቲቸር?" አለ።

ጋሼ ከመሬት የወይራውን ውሻል አነሡ። አገላብጠው አዩት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ወይራ ነው ጋሼ።"

"ለምን ወይራ?"

"ጠንካራ ስለሆነ።"

"ጠንካራስ ነው" አሉ። "ግን አይጠጣም።" ወደ እናቴ ዞሩ። "ደረቅ ዋንዛ ይኖርሻል?"

እናቴ ገብታ እግሩ የተሰበረ የዋንዛ ዱካ ይዛ መጣች። እግሩን ይቀጥሉልኛል ብላ ያስቀመጠችው ነው። ጋሼ እግሩን በቢላዋ ጠረቡት። ሾጣጣ አደረጉት፤ የእኔን ያህል ድንገት አይደለም፣ ረዘም ያለ፣ ቀስ እያለ የሚወፍር። ፌስታል ሳይሆን አሮጌ ጨርቅ ጠቀለሉበት። ውሃው ፊታቸው ላይ እየረጨ፣ ቀዳዳውን በአውራ ጣታቸው ዳስሰው ሰኩት። አራት ጊዜ መቱት። አራት ብቻ። ውሃው መርጨት አቆመና በዙሪያው ማልቀስ ጀመረ። እኔ ልመታው መዶሻውን ስቀበል እጄን ያዙኝ።

"ተወው። ይጠጣ።"

ቆመን ጠበቅን። እንጨቱ ጠጣ። ደረቅና ለስላሳ እንጨት ውሃ ሲገባው ያብጣል፤ ሲያብጥ ቀዳዳውን ራሱ ይሞላዋል። ወይራ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ውሃ ቶሎ አይገባውም። እኔ የፈለግሁት ውሃውን የሚገፋ ነገር ነበር። እሳቸው የፈለጉት ውሃውን የሚቀበል ነበር። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለቅሶው ቆመ። ተማሪዬ ባትሪውን እስከ መጨረሻው አላጠፋውም። ያየውን ሁሉ ለክፍሉ እንደሚነግር ዓይኑ ላይ ነበር። ነገረም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ውሃው ሲሄድ ጋሼ ከረጢታቸውን ይዘው መጡ። "አልጠራኸኝም ብዬ ዝም ብዬ እንጂ፣ መፍቻው ላይ ቱቦ ስትሰካ ከአጥር በላይ አይቼህ ነበር" አሉኝ። ምን ይባላል? "ማስቸገር እንዳይሆን ብዬ ነው" አልኳቸው። "አሁን ሳታስቸግረኝ ቀረህ?" አሉ። ትክክል ነበሩ። ሌሊት በብርድ አስነሥቻቸዋለሁ።

ግድግዳው ውስጥ የቀረውን ስባሪ እንዴት እንዳወጡት ማየት ደስ ይላል። እኔ ግድግዳውን ልንደው አስቤ ነበር። እሳቸው የብረት መጋዝ ምላጭ ብቻውን ይዘው ስባሪውን ከውስጥ ወደ ውጪ መገዝገዝ ጀመሩ። ቀስ ብለው። በየመሐሉ ያቆማሉ፤ በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ ይቀጥላሉ። ስባሪውን ሊቆርጡት ነው እንጂ ከሱ ውጪ ያለውን የሴቴውን ጥርስ ሊነኩት አይፈልጉም። የቀረው ውፍረት የአንድ ወረቀት ያህል ሲሆን አቆሙ። እንዴት አወቁ? "ድምፁ ይለወጣል" አሉ። እኔ ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁ። ለእኔ አንድ ነበር። ሁለት ቦታ ከገዘገዙ በኋላ በትንሽ መሮ አንዴ ነካ ሲያደርጉት ስባሪው ወደ ውስጥ ተጨማደደና እንደ ላላ ጥርስ ወጣ። የሴቴው ጥርስ አንድ ጭረት የለበትም።

ቴፍሎኔን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሁለቱንም ጥቅል። አመሰገኑኝና ኪሳቸው ከተቱት። ከከረጢታቸው ያወጡት ቃጫ ነበር፤ እንደ ፀጉር የሳሳ። ጥርሱ ላይ ጠመጠሙት። ከአሮጌ ቆርቆሮ የዘይት ቀለም ቀቡት። "ቴፍሎን ለአዲስ ጥርስ ጥሩ ነው" አሉ። "ለአሮጌ ቃጫ። ቃጫም ይጠጣል።" ቧንቧውን አጠበቁት። አፉ ወደ አጥር ዞሮ ቆመ፤ ልክ እንደ እኔው። ከዚያ ያለ ምንም ጭንቀት ትንሽ ወደ ኋላ መለሱት። እኔ ጮህኩ። ሳቁ። ቴፍሎን ያ አይሆንለትም፤ ቃጫ ግን ውሃ ሲነካው ያብጥና ክፍተቱን ይመልሰዋል።

"አለቀ?" አልኳቸው።

"ውሃ ሲመጣ እናያለን" አሉ። ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ይህ ቃል አስጨነቀኝ። 50 ዓመት የሠሩበት እጅ ነው። እሳቸውም አያውቁም። ውሃ እስኪመጣ ማንም አያውቅም።

ውሃው አልመጣም። አንድ ቀን፣ ሁለት፣ አራት። የጥምቀት ሰሞን ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ታች፣ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወረድኩ። በየዓመቱ ከበዓሉ በፊት ከቀሃ ወንዝ በቦይ ውሃ እየተሳበ የአፄ ፋሲል ገንዳ ይሞላል። ሲሞላ ማየት የልጅነት ሱሴ ነው። ቸኩሎ አይሞላም፤ ቀናት ይፈጃል። መጀመሪያ ወለሉ ይረጥባል። ከዚያ ሰማዩ ይታይበታል። በዙሪያው ያሉት ትልልቅ ዛፎች ሥራቸውን አጥሩ ላይ እንደ እጅ ዘርግተው ድንጋዩን ይዘውታል። ሥር ውሃ ያለበትን ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ ባዶ የነበረ ገንዳ ነው። ባዶ ሲሆን ሁሉም ገንዳ ደህና ይመስላል። አንድ ሽማግሌ ጥበቃ "ዘንድሮ የት የት እንደሚያፈስ እናያለን" ሲሉ ሰማሁ። አቅፌ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

ስለ ጎንደር ውሃ ሲወራ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ከተማዋ ያለችው በቀሃና በአንገረብ መካከል ነው። ሁለቱም ወደ መገጭ ይወርዳሉ፤ መገጭም ወደ ጣና። አፄ ፋሲል በ1636 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እዚህ ሲከትሙ ከሁለት ወንዝ መሐል ነው የመረጡት። እኛ ከሁለት ወንዝ መሐል ቢጫ ጀሪካን ይዘን እንሰለፋለን። የአንገረብን ግድብ ደለል እየሞላው ነው፤ ከላይ ካለው የታረሰ ተራራ የሚታጠበው አፈር ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። ሕዝቡ ደግሞ ጨመረ። የእኛ ቤት በቀን 4 ሊትር ከዚህ ሁሉ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። አውቃለሁ። ግን ሌሊት የምሰማው ግድቡን አልነበረም። ቧንቧዬን ነበር።

እየተኛሁ እሰማለሁ። ድመት ስትዘል እነሣለሁ። ጎረቤት ሲያስነጥስ እነሣለሁ። በቀን ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ቧንቧውን እነካዋለሁ። ደረቅ ነው። ደረቅ መሆኑ ምንም አይነግረኝም። ተማሪዎቼ በኮሪደሩ ሳልፍ "ቲቸር፣ ወይራ ይጠጣል?" ይሉኛል። ያን ሳምንት ስለ ግፊት ያስተማርኩት ትምህርት እስከ ዛሬ ካስተማርኩት ሁሉ የተሻለ ነበር። ማንም አላንቀላፋም። ውሻሉን ራሱን ይዤ ገባሁ።

ጥር 9 ለ10 አጥቢያ ላይ መጣ። ነፋ፣ አሳለ፣ ተፋ። በባዶ እግሬ ወጣሁ። በጣቴ የቧንቧውን ሥር ዙሪያውን ዳሰስኩት። አንድ ቦታ ላብ የመሰለ እርጥበት ነበር። ልቤ ቀጥ አለ። ጠበቅሁ። ጋሼ እንዳሉት፣ ይጠጣ ብዬ። ሮቶው ግማሽ እስኪሞላ ድረስ ጠበቅሁ። እንደገና ዳሰስኩት። ደረቅ ነው። አፉንም ነካሁት። ደረቅ ነው። ከአጥሩ ማዶ ባትሪ በራ።

"እህስ?" አሉ ጋሼ።

"ደረቅ ነው ጋሼ!"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉና ባትሪው ጠፋ። ነቅተው ሲጠብቁ ነበር ማለት ነው፤ እሳቸውም።

ይህ ከሆነ ሁለት ወር አለፈው። ቧንቧው እስካሁን አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። ሳራቺኔስካውንም ቀየርን፤ በዚህኛው እኔ ያዝኩ፣ እሳቸው ሠሩ። ባለፈው እሑድ እናቴ ቡና አፍልታ፣ ጤና አዳም ልትቀጥፍ ወጣች። ቆይታ ቆይታ ተመለሰች። ቢጫ የሆነ አንድ ቅርንጫፍ ይዛለች። ሥሩ ደርቋል። ምንም አልተናገረችም። ሁለተኛውን ስንጠጣ ሲኒዎቹን አለቀለቀች፤ እጣቢውን በጣሳ ይዛ ወጣች። በመስኮት አየኋት። ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብላ ቀስ እያለች ታጠጣለች። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

"ምን ታየኛለህ?" አለች። "በቀን 4 ሊትር ነው ያልከኝ፣ አይደል? ና ቅዳ።"